የተዘጋ ጆሮ ቅርስ አይጠብቅም

ስለ ሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር በመካከላችን ሁለት ወገኖች ሲሟገቱ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ተረት ይዞ፣ ከውጭ የመጣ ዜማ ሁሉ ጩኸት ነው፤ ወጣቱን ከባሕሉ ያፋታዋል፤ ስለዚህ በሩ ሊዘጋበት ይገባል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ በአምስት ድምፅ የሚመላለስ ዜማና ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር የሚጮኽ መሰንቆ የኋላ ቀርነት ምልክቶች ናቸው፤ የሠለጠነ ሰው የሠለጠነውን ዓለም ሙዚቃ ይስማ እያለ የራሱን ያናንቃል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ሲታዩ የማይታረቁ ባላንጣዎች ይመስላሉ። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ይገለጥለታል። እናታቸውም አለማዳመጥ ትባላለች። አንደኛው የሰው አገር ሙዚቃ ሳያዳምጥ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው የአገሩን ሙዚቃ ሳያዳምጥ ይፈርዳል። ሁለቱም ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ምስክሩን ግን ከችሎቱ ውጭ አቁመውታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ ለአንዱ ወግኖ ሌላውን መርታት አይደለም። ዓላማው ሁለቱም የቆሙበትን መሠረት መናድ ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ የማያውቀውን ሙዚቃ ፈልጎ፣ ታግሦና ደጋግሞ የሚያዳምጥ ሰው የአገሩን ቅርስ የሚጎዳ ሳይሆን እርሱ ብቻ ሊጠብቀው የሚችል ሰው ነው፤ ጆሮውን የዘጋ ሰው ግን ከውጭ የሚመጣውንም አያውቅም፣ በቤቱ ያለውንም አይጠብቅም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንስማማ። አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ «መስማት» እና «ማዳመጥ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል። መስማት የጆሮ ሥራ ነው፤ ዝናብም ይሰማል፣ የጎረቤት ጠብም ይሰማል፣ በአውቶቡስ ውስጥ የተከፈተ ራዲዮም ሳይፈልጉት ይሰማል። ማዳመጥ ግን የፈቃድና የልቡና ሥራ ነው። አድማጭ ራሱን ዝም አሰኝቶ፣ የሚናገረው ወገን የሚለውን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ሰው ነው። እኛ እዚህ አሳሽ አድማጭ የምንለውም ይህን ሰው ነው። አሳሽ ማለት ያልተረገጠ አገር የሚያይ፣ ያየውንም ለይቶ የሚጽፍ ሰው እንደ ሆነ ሁሉ፣ አሳሽ አድማጭም ያልለመደው ድምፅ ወዳለበት ሄዶ፣ የሰማውን ለይቶ የሚያስተውል ሰው ነው።

ይህ ማለት ሁሉን መውደድ ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በ1952 ዓ.ም. 4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ የሚፈጅ ድርሰት አቀረበ፤ በዚህም ድርሰት ውስጥ ፒያኖ ተጫዋቹ በመሣሪያው ፊት ይቀመጣል እንጂ አንዲት ድምፅ አይመታም፤ የሚሰማው በአዳራሹ ውስጥና ከአዳራሹ ውጭ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ድርሰት አሰላስሎ «ይህ ለእኔ ሙዚቃ አይደለም» የሚል ሰው ቢኖር መብቱ ነው፤ ከአሳሽ አድማጭነትም አይሰረዝም። የሚሰረዘው ሳያሰላስል የሳቀው ነው። ልዩነቱም ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ፍርድ ሰጥቷል፣ ሁለተኛው ግን የልማዱን ትእዛዝ ፈጽሟል።

አሁን ወደ አንደኛው ወገን እንምጣ። ይህ ወገን የሚከራከርለት «ንጹሕና ያልተቀላቀለ» የአገር ሙዚቃ እንዴት እንደ ተገኘ ቢጠየቅ መልስ የለውም። በ1896 ዓ.ም. የአድዋ ድል ከተገኘ በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ እነርሱም «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ሕዝባችን በክብር ቆሞ የሚሰማውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እርሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የአገር ዜማዎችን በዘመናዊ ኦርኬስትራ እየቀመረ ብዙ ተማሪዎችን አፍርቷል። እንግዲህ ትዝታን በሳክስፎን፣ አምባሰልን በፒያኖ መስማት ዛሬ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም፤ የአባቶቻችን ወግ ነው ብለን እንሟገትለታለን። ነገር ግን ያ ሳክስፎን ወደ አገራችን በገባበት ቀን እንግዳ ነበረ። በዚያን ጊዜ የነበሩ አድማጮች የዛሬውን ተረት ጠቅሰው በሩን ዘግተውት ቢሆን፣ ዛሬ የምንጠብቀው የዚህ ዓይነት ቅርስ ባልኖረም ነበር።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት ጥበብ ያለበት ተረት መሆኑን አንክድም። የተነገረው ግን የአገሩን ጠባይ ስለሚያውቅ ሠራተኛ ነው እንጂ ሰርዶ ከዚህ ሌላ ሣር እንዳያይ ስለ ታገደ በሬ አይደለም። ተረትን ከቦታው አንሥቶ የጆሮ መዝጊያ ማድረግ ተረቱንም መበደል ነው።

በሩን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል የምናውቀው በአሳብ ብቻ አይደለም፤ በታሪካችንም አይተነዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የአዋጁ አሳብ የአገርን ኪነ ጥበብ መጠበቅ ነበረ ቢባል እንኳ፣ ውጤቱ ግን አዲስ የተነሡት ዘፋኞችና ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሸክላ የሚያስቀሩበት መንገድ ማጣታቸው ሆነ። በ1969 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በየቤታችን «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንመካበት ብዙ ዜማ የተረፈልን በዚያ ድፍረት ነው። አምኃ በ2021 ዓ.ም. አረፈ፤ እርሱ ያሳተማቸው ሸክላዎች ግን ከአዋጁ ዕድሜ በልጠው ይኖራሉ። ልብ በሉ፤ ቅርሱን ያዳነው በሩን የዘጋው ሳይሆን የከፈተው ነው።

ደግሞም የሚያሳፍረንን ነገር አንሸሽገው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ እነዚያን አሮጌ ሸክላዎች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ አሳተማቸው። ይህ ሰው አማርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ አይደለም፤ በትዝታ ቅኝት አላደገም፤ ከእናቱ እቅፍ እንጉርጉሮ አልሰማም። ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያልለመደውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለማዳመጥ የፈቀደ ጆሮ። እርሱና እንደ እርሱ ያሉ አድማጮች በፓሪስና በሌሎችም ከተሞች የእኛን ሙዚቃ «የአገሬ አይደለም» ብለው ቢዘጉት ኖሮ፣ ዛሬ በዓለም መድረክ ሲከበር የምናየውን ክብር አናይም ነበር። እኛ ከሌሎች የተቀበልነውን የተከፈተ ጆሮ ለሌሎች መከልከል ፍትሕ ነውን?

ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። «ይህ ሙዚቃ አይጥምም» የሚለው ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማ ፍርድ ነው። ነገር ግን አለመጣም ብዙ ጊዜ የሙዚቃው ጠባይ ሳይሆን የእኛ አለመልመድ ነው። ግንቦት 29 ቀን 1913 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በሻንዜሊዜ ቴአትር የኢጎር ስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓተ መሥዋዕት» የተባለ የባሌት ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አናወጠው፤ ጫጫታው ከመብዛቱ የተነሣ ተወዛዋዦቹ ሙዚቃውን መስማት አቃታቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግን በዚያችው ከተማ ያው ሙዚቃ ያለ ውዝዋዜ በኦርኬስትራ ብቻ ሲቀርብ፣ አድማጩ በደስታ ተነሥቶ ደራሲውን በትከሻው ተሸከመው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሙዚቃው አልተለወጠም፤ አንዲት ኖታ አልተጨመረችበትም። በመድረኩ ላይ ያለው ነገር ተለወጠ፣ የአድማጩም ጆሮ ተለወጠ፤ ድምፁ ግን ያው ነበረ።

ይህን ለመረዳት እስከ ፓሪስ መሄድ አያስፈልገንም፤ የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ከማንም በፊት አስተምሮናል። ድጓ ለመማር የሚነሣ ተማሪ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለመለየት፣ ምልክቱን ለማወቅ፣ ዜማውን በቃሉ ለመያዝ ዓመታት ይፈጅበታል። ተምሮ ሲያበቃ ደግሞ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻው ወደ ዙር አምባ ይዘልቃል። ማንም መምህር ለተማሪው «በመጀመሪያው ቀን ካልጣመህ ተወው» ብሎት አያውቅም። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ «ገባኝ» ያለ ሰው ወርቁን አላገኘም ይባላል። እንግዲህ ትዕግሥት የጥበብ ሁሉ መግቢያ በር እንደ ሆነ ከአባቶቹ የተማረ ሕዝብ፣ ስለ ምን ለማያውቀው ሙዚቃ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይሰጣል? የጃዝ ሊቅ ኦርኔት ኮልማን በ1960 ዓ.ም. ሁለት አራት አራት ሰዎች ያሉባቸውን ጓዶች ባንድነት አሰልፎ በነጻ የሚያጫውት ሙዚቃ ሲቀዳ፣ ከ37 ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ የሄደ ድርሰት ሆነ። ይህን በአንድ መስማት ይወደድልኝ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሰው፣ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ በዛብኝ ቢል ማን ያምነዋል?

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ እናቅርብ። ከውጭ የሚያዳምጥ ሰው ከራሱ ይጠፋል የሚለው ፍርሃት በታሪክ ሲመረመር ተቃራኒው ሆኖ ይገኛል። በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ፈረንሳዊው ክሎድ ደቡሲ የጃቫን የጋሜላን ሙዚቃ አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ ጃቫዊ አልሆነም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ፈረንሳዊ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። ሐንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ መቅረጫ መሣሪያ ተሸክሞ በየመንደሩ ሲዞር የወገኖቹን ዘፈን ብቻ አልሰበሰበም፤ የሮማንያንና የስሎቫክን ገበሬዎች አዳመጠ፤ በ1913 ዓ.ም. እስከ አልጀርያ፣ በ1936 ዓ.ም. እስከ ቱርክ ተጓዘ። በዚህም ምክንያት የሐንጋሪ ሙዚቃ ጠባይ የቱ እንደ ሆነ ከሌላው ለይቶ ለማወቅ ቻለ። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው የራሱን ቤት ወሰን በምን ያውቃል?

ከእኛም ጋር የተያያዘ ምስክር አለን። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ በ1944 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ ሴቶች የሚያደርጉትን የዛር ሥርዓት ድምፅ ቀዳ፤ ከዚያም በራዲዮ ጣቢያ ውስጥ ያን ድምፅ እያሳሳና እያስተጋባ አዲስ ዓይነት ድርሰት ሠራበት። ይህ የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 ዓ.ም. የባቡር ድምፅ ቀድቶ በመቆራረጥ ያዘጋጀው ሥራ ከመሰማቱ ከአራት ዓመት በፊት ነው። በእኛም ዘንድ በዚያው ስም ከሚታወቀው ከጥንታዊው የዛር ሥርዓት፣ የመጪውን ዘመን የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ያዳመጠ ሰው ማለት ይህ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» ሲመሠረትም ዋናው ቆስቋሽ እርሱ ነበር። በዚያም ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ፣ በየአካባቢያቸውና በየሥርዓታቸው ተለያይተው የኖሩ መሣሪያዎች፣ በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ከእንግዳ ጆሮ የተገኘው ትርፍ የአገራችን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው መተዋወቃቸው ሆነ።

የራሳችንንም ልጆች እንመልከት። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ተምሮ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ፤ የጃፓንን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር ያጣመረው ይኸው ሰው ነው «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰት ለኦርኬስትራ የጻፈው። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በቦስተን ተማረ፤ በ1966 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከፖርቶሪኮ ተወላጆች ጋር የላቲንን ምት እየተጫወተ ሸክላ አሳተመ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተመለሰው ግን በጃዝ ስምምነት ውስጥ አምስቱን የቅኝት ድምፆች አስቀምጦ ነው፤ የሠራውንም ሥራ ዓለም «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ በአገራችን ስም ይጠራዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ በኋላም በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ የያሬድንም ዜማ መንፈስ በፒያኖ ላይ አወረዱት። በ2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ድርሰታቸውን የሚያዳምጥ ሰው በዓለም ሁሉ ነበረ። እነዚህ ሦስቱ ስንኳን ከራሳቸው ሊጠፉ፣ እንዲያውም በሩቅ አገር ባዳመጡት ድምፅ መብራት የቤታቸውን ዕቃ አይተው አገኙት።

ይህን የሚሰማ ሁለተኛው ወገን ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን አሁን ተራው የእርሱ ነው። «የእኛ ሙዚቃ አንድ ወጥ ነው፤ ዕድገት የለውም» የሚል ሰው በየትኛው ጆሮው ሰምቶ ነው? በጋሞ ደጋ የሚኖሩ የዶርዜ ሰዎች፣ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ድምፅ ይዞ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚሄድ ዘፈን በኅብረት ይዘፍናሉ፤ ይህን የብዙ ድምፅ ዝማሬ ለማጥናት የውጭ አገር ሊቃውንት መቅረጫ ይዘው መጥተዋል። በደራሼ የፊላ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ድርሻቸው የሆነችውን ድምፅ ብቻ በተራዋ እየነፉ ከብዙ ሰው አንድ ዜማ ያወጣሉ። እምቢልታም በሦስት ሰው የሚነፋ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀበለው መሣሪያ ነው፤ ብቻውን የሚነፋ ሰው ዜማ የለውም። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ በ1970 ዓ.ም. የኤዌን ሕዝብ ከበሮ ለመማር እስከ ጋና ተጓዘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በከበሮ ብቻ የሚጀምር ታላቅ ድርሰት አቀረበ። እርሱ ባሕር ተሻግሮ የፈለገውን ዓይነት ጥበብ፣ የእኛ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ የሚደርስበት ሆኖ ሳለ አልሄደም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የተባለው ስለዚህ ነው።

በገናን እንውሰድ። አሥሩ አውታሮች ሲመቱ የሚሰማው የሚያንዘረዝር ድምፅ፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነው። የአውሮፓን ሙዚቃ ብቻ መለኪያ ያደረገ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል፤ «ድምፁ ንጹሕ አይደለም» ይላል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ሆን ብሎ የሚያሻክረውን ድምፅ የለመደ፣ የሕንድ ሲታር የሚያንዘረዝረውን አውታር ያዳመጠ ሰው፣ በገና ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ መሻከር ጉድለት ሳይሆን በብዙ ሕዝብ ዘንድ የተፈለገ ውበት ነውና። እንግዲህ የሩቁን ያዳመጠ ጆሮ ለቅርቡ ዳኛ ይሆናል ስንል ይህን ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈውም አይገባንም። «የውጭው ሙዚቃ ገንዘብና ኃይል አለው፤ የእኛ ደካማ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ጎርፉ ይወስደናል» የሚል ነው። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጎርፍና አሰሳ አንድ አይደሉም። ጎርፍ ወደ ተቀመጠ ሰው ይመጣል፤ አሳሽ ግን ተነሥቶ ይሄዳል። ገበያው የሚያፈሰው ሙዚቃ ከዓለም ሙዚቃ ሁሉ ጥቂቱ፣ ለመሸጥ የሚመቸው ብቻ ነው። በሩን ዘግቻለሁ የሚለውም ሰው ቢሆን ይህ ጎርፍ በመስኮት ይገባበታል፤ ደጃፉ ላይ ሲቆም ልጁ በጓዳ ይሰማዋል። ከጎርፍ የሚያድነው ግድብ የተለማመደ ጆሮ ነው፤ ብዙ ያዳመጠ ወጣት በብልጭልጭ አይታለልም፤ የሚነጻጸርበት አለውና።

በዘመናችን ደግሞ ለዚህ ስንፍና አዲስ አገልጋይ ተገኝቶለታል። በእጃችን የያዝነው ስልክ ትናንት የወደድነውን እየመዘገበ ዛሬ ያንኑ የሚመስለውን ያቀርብልናል። በአንድ በኩል የዓለም ሙዚቃ ሁሉ በኪሳችን ገብቷል፤ በሌላ በኩል መሣሪያው ከዚያ ሁሉ ውስጥ የራሳችንን ጥላ ብቻ እየመረጠ ያሳየናል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል የኖረው ሌሎች ስለ እኛ የሚሉትን ስለማንሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሯችን በሌላ ትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆኖ በእውነት ባዳ ሊሆንብን ነው። የቀድሞው አዋጅ በማኅተም ይከለክል ነበር፤ የአሁኑ በማስለመድ ይከለክላል። የመጀመሪያውን ሰዎች ደፍረው ጣሱት፤ ሁለተኛውን ግን መኖሩን እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ነገሩ የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ ነው የሚልም ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው ሙዚቃን ከሰው ጠባይ ለይቶ የሚያይ ነው። የማያውቀውን ዜማ እስኪያልቅ መታገሥ ያልቻለ ሰው፣ የማይስማማውን አሳብ እስኪያልቅ መታገሥ ከወዴት ይማራል? የባለጉዳይን አቤቱታ ከግማሹ የሚያቋርጥ ሹም፣ የተማሪን ጥያቄ ሳይጨርስ የሚመልስ መምህር፣ የሌላውን ብሔረሰብ ቋንቋና ዜማ በፌዝ የሚመስል ተማሪ፣ ሁሉም የአንዱ የተዘጋ ጆሮ ፍሬዎች ናቸው። ብዙ ቋንቋና ብዙ ዜማ ባለባት አገር ማዳመጥ ጌጥ ሳይሆን አብሮ የመኖር ሥርዓት ነው።

ስለዚህ በነቀፋ ብቻ ሳንቆም የሚደረገውን እናመልክት። መምህር የሆነ ሰው፣ የሙዚቃ መምህርም ባይሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ የማያውቁትን አንድ ሙዚቃ ያሰማቸው፤ ስሙንና አገሩን አስቀድሞ አይንገራቸው፤ ሁለት ጊዜ በዝምታ ካዳመጡ በኋላ «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ስንት ድምፅ ነበረ? የትኛው መሣሪያ ቀደመ? ምቱ የት ላይ ወደቀ? ምን ተደጋገመ፣ ምንስ ተለወጠ? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ፍርድን ግን ከስሜት በኋላ ሳይሆን ከማስተዋል በኋላ እንዲመጣ ያስለምዳሉ። በራዲዮና በባሕል ሥራ ላይ ሥልጣን ያለው ሹም ደግሞ፣ የዶርዜን ዝማሬ ከሐንጋሪ መንደር ዘፈን አጠገብ፣ በገናን ከሲታር አጠገብ አድርጎ የሚያሰማ አንድ ሰዓት ይመድብ፤ የአገር ሙዚቃ የሚከበረው በበዓል ቀን ለትርዒት ሲቀርብ ሳይሆን ከዓለም ሙዚቃ ጋር እኩል በአድማጭ ፊት ሲቀመጥ ነው። ተማሪ የሆነ ወጣትም በወር ሦስት ነገር ያዳምጥ፤ አንዱ ከሩቅ አገር፣ አንዱ ከማያውቀው የአገሩ ማዕዘን፣ አንዱ ደግሞ ከአያቶቹ ዘመን ይሁን። ከሦስቱ ሁለቱን ባይወድ አይዘን፤ አንዲቱ ከበቂ በላይ ናት።

እንግዲህ ለሁለቱም ወገኖች የምንለው አንድ ነው። ቅርስ እጠብቃለሁ የሚለው ወገን፣ የሚጠብቀውን ቅርስ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ተቀምጦ እንዳዳመጠው ይናገር። ሠልጥኛለሁ የሚለውም ወገን፣ ያደንቀዋል ከሚለው ዓለም ሙዚቃ ገበያ ካላቀረበለት ውስጥ ምን እንደሚያውቅ ይቍጠር። መልስ ያለው ይናገር፤ እኛም እስኪጨርስ እናዳምጠዋለን። መልስ የሌለው ግን ከፍርድ ወንበሩ ይውረድና፣ ተቀምጦ መስማት ይጀምር።